በር የተዘጋባቸው ቡጢኞች
ከፒተር ጃክሰን እስከ ቻርሊ በርሊ

ቡጢ ከሰው ልጅ ጥንታዊ ግጥሚያዎች አንዱ ነው። ጥንታውያን ግሪኮች እጃቸውን በጠፍር እየጠቀለሉ በኦሎምፒያ በዓል ይፋለሙበት ነበር። በኋለኛው ዘመን እንግሊዞች ደንብ አበጁለት፤ በ1867 የታተመው የኩዊንስቤሪ ደንብም ተፋላሚዎች ጓንት እንዲያጠልቁ፣ እያንዳንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ እንዲሆን፣ የወደቀም ሰው እንዲነሣ ዐሥር ሰከንድ እንዲሰጠው ደነገገ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ቡጢ ስፖርትም፣ ትርኢትም፣ ንግድም ሆኖ ኖሯል።

ቡጢን ከቴአትር ጋር የሚያዛምደው ብዙ ነገር አለ። በሁለቱም ዘንድ ከፍ ያለ መድረክ፣ በመድረኩ ላይ የሚወርድ ብርሃን፣ በጨለማው ውስጥ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቅ ተመልካች ይገኛል። ልዩነታቸው ግን መሠረታዊ ነው። በቴአትር ፍጻሜውን ደራሲው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በቡጢ መድረክ ግን ፍጻሜውን የሚወስኑት የሁለቱ ሰዎች ጉልበት፣ ብልሃትና ልብ ብቻ ናቸው ይባላል። ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር ይህ አባባል ግማሽ እውነት ሆኖ ይገኛል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ያለው በተፋላሚዎቹ እጅ ነበር። ከደወሉ በፊት ያለው፣ ማለትም ማን ከማን ጋር ይገናኝ የሚለው ጥያቄ፣ ይወሰን የነበረው ግን በአዘጋጆች ቢሮ፣ በጋዜጣ ዓምድና በባለሥልጣናት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖችን መዝገብ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ጆን ሱሊቫን አሸናፊነቱን ከያዘበት ከ1882 ጀምሮ ጆ ሉዊስ ሻምፒዮን እስከ ሆነበት እስከ 1937 ድረስ ባሉት 55 ዓመታት ውስጥ በዚህ መዝገብ የሠፈረው ጥቁር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከ1908 እስከ 1915 ማዕረጉን የያዘው ጃክ ጆንሰን ነው። ይህን መዝገብ ብቻ የተመለከተ ሰው በእነዚያ ዓመታት ሌላ ብቁ ጥቁር ቡጢኛ አልነበረም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሐቁ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ቡጢኞች ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ነገር ግን ሻምፒዮኖቹ «ከጥቁር ጋር አንፋለምም» በማለት በመካከላቸው አጥር አጠሩ። በዝቅተኞቹ ሚዛኖች በሩ ጥቂት ገርበብ ብሎ ስለነበር ጆርጅ ዲክሰን በላባ ሚዛን፣ ጆ ዎልኮት በዌልተር ሚዛን፣ ጆ ጋንስም በቀላል ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን በቅተዋል። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ግን በሕዝብ ዓይን የዓለም ኀይለኛው ሰው ነው። ያ ሰው ጥቁር ከሆነ በዘር የበላይነት ላይ የቆመው አስተሳሰብ ሁሉ በአደባባይ ይፈርሳል። አጥሩ እዚህ ላይ የጠነከረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ማዕረግ ያላገኘን ቡጢኛ «ታላቅ ነበር» ለማለት በምን ሚዛን ይመዘናል? ሦስት መመዘኛዎችን መጠቀም ይቻላል። አንደኛው ከእነማን ጋር ተፋለመ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው የገጠሙት ሰዎች ስለ እርሱ የሰጡት ምስክርነት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሻምፒዮኖቹ እርሱን ላለመግጠም ያደረጉት ጥረት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት አምስት ሰዎች በእነዚህ መመዘኛዎች ሲታዩ ቢያንስ በአንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሦስቱም ከፍ ብለው ይገኛሉ።

ፒተር ጃክሰን

ፒተር ጃክሰን በ1861 በካሪቢያን ባሕር፣ በዚያን ጊዜ የዴንማርክ ቅኝ ግዛት በነበረችው በሴንት ክሮይ ደሴት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ፤ በመርከብ ላይ ሠራ፤ በሲድኒ ከታወቀው አሠልጣኝ ከላሪ ፎሊ ዘንድ የቡጢን ጥበብ ተማረ። በ1886 ቶም ሊስን በ30 ዙር አሸንፎ የአውስትራሊያ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በ1888 ወደ አሜሪካ በመሻገር ጆርጅ ጎድፍሬይን በ19ኛው ዙር ረትቶ «የጥቁሮች ሻምፒዮና» የሚባለውን ማዕረግ ያዘ። ይህ ማዕረግ ራሱ የአጥሩ ምስክር ነበር። ጥቁሮች በዋናው በር እንዳይገቡ ሲከለከሉ በጓሮ በኩል ሌላ በር ተሠራላቸው፤ በዚያ በር የገባም ከጓሮው እንዳያልፍ ተደረገ።

የጃክሰን ዓላማ ጆን ሱሊቫንን መግጠም ነበር። ሱሊቫን ግን ከጥቁር ጋር እንደማይፋለም በግልጽ አስታወቀ። ግንቦት 21 ቀን 1891 ጃክሰን በሳን ፍራንሲስኮ ከወጣቱ ጀምስ ኮርቤት ጋር ገጠመ። ሁለቱ ሰዎች ከአራት ሰዓት በላይ፣ 61 ዙር ተፋለሙ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ክንዳቸውን ማንሣት ሲያቅታቸው ዳኛው ግጥሚያውን ያለ አሸናፊ አቆመው። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 30 ቀን ጃክሰን በለንደን ፍራንክ ስላቪንን በዐሥረኛው ዙር አሸነፈ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ከሱሊቫን ጋር ለሻምፒዮናው እንዲገጥም የተፈቀደለት ግን ጃክሰን አልነበረም፤ ኮርቤት ነበር። ኮርቤት ሱሊቫንን በዝረራ ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ከጃክሰን ጋር ዳግመኛ አልተገናኘም። በስተእርጅናው ግን ካያቸው ቡጢኞች ሁሉ ጃክሰን የላቀ እንደ ነበር ከመመስከር አልተቆጠበም።

በ1893 ለጃክሰን ሌላ መድረክ ተሰጠው። «የአጎቴ የቶም ጎጆ» ከሚለው ልብ ወለድ የተቀናበረ ተውኔት ይዞ ከሚዞር ቡድን ጋር በመሆን የባሪያውን የቶምን ገጸ ባሕርይ ይጫወት ጀመር፤ በትርኢቱም መካከል ጓንት አጥልቆ ለተመልካች ቡጢ ያሳይ ነበር። ይህ ሁኔታ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። በእውነተኛው መድረክ ከሻምፒዮኑ ጋር እኩል ሆኖ እንዳይቆም የተከለከለ ሰው፣ በተውኔት መድረክ ላይ ተገርፎ የሚሞት ባሪያ ሆኖ እንዲቀርብ ተጋበዘ። ያው ተመልካች ለመጀመሪያው ትርኢት ፊቱን አዞረ፤ ለሁለተኛው ግን ትኬት ቆረጠ።

ጃክሰን በ1898 ጤናው ተቃውሶ ሳለ በጀምስ ጄፍሪስ በሦስት ዙር ተሸነፈ። በ1901 በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ግዛት በሮማ ከተማ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በብሪዝበን በሚገኘው መቃብሩ ላይ ወዳጆቹ ሐውልት አቆሙለት፤ ሼክስፒር በ«ጁሊየስ ቄሣር» ተውኔት መጨረሻ ስለ ብሩተስ ካስነገረው ውዳሴ የተወሰደ ቃልም ቀረጹበት።

ሳም ላንግፎርድ

ሳም ላንግፎርድ በ1880ዎቹ በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ፣ በዌይማውዝ ፎልስ መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከቤቱ ወጥቶ ቦስተን ደረሰ፤ በዚያም ጆ ውድማን በተባለ የመድኀኒት ነጋዴ የቡጢ ማሠልጠኛ ውስጥ ወለል እየጠረገ መኖር ጀመረ። መጥረጊያውን ባስቀመጠ ጊዜ ጓንት ያነሣ ነበር። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ክንዶቹ ግን ረጃጅሞች፣ ትከሻዎቹም ሰፋፊዎች ነበሩ።

ላንግፎርድን ከሌሎች የሚለየው የሚዛን ወሰን ያላገደው መሆኑ ነው። በታኅሣሥ 1903 የቀላል ሚዛን ሻምፒዮኑን ጆ ጋንስን ማዕረጉን በማይነካ ግጥሚያ አሸነፈ። በ1904 ከዌልተር ሚዛኑ ሻምፒዮን ከጆ ዎልኮት ጋር 15 ዙር ተፋልሞ አቻ ወጣ። በሚያዝያ 1906 ደግሞ በክብደት ከ10 ኪሎ በላይ ከሚበልጠው ከጃክ ጆንሰን ጋር ገጥሞ 15ቱን ዙር ጨረሰ። በዚያ ግጥሚያ በነጥብ የተሸነፈው ላንግፎርድ ነው፤ ይህም መካድ የለበትም። ነገር ግን ጆንሰን በ1908 በሲድኒ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በዕድሜም በሰውነትም ከጎለበተው ከላንግፎርድ ጋር ሁለተኛ ለመገናኘት ፈቃደኛ አልሆነም። በ1909 የለንደን ብሔራዊ የስፖርት ክበብ ሁለቱን ለማገናኘት ዝግጅት አድርጎ ነበር፤ ላንግፎርድ ለንደን ተገኝቶ የእንግሊዙን ኢያን ሄግን በአራተኛው ዙር በዝረራ ቢጥልም ጆንሰን ሳይመጣ ቀረ።

የዚህ ታሪክ መራራ ገጽታ እዚህ ላይ ነው። አጥሩን በጀግንነት የጣሰው ጆንሰን፣ ካለፈ በኋላ በሩን በወንድሞቹ ላይ ዘጋ። በሻምፒዮንነት ዘመኑ ማዕረጉን ለማስጠበቅ የገጠመው ጥቁር ቡጢኛ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በታኅሣሥ 1913 በፓሪስ አቻ የወጣው ባትሊንግ ጂም ጆንሰን ነው። ይህንን በግል ፍርሃት ወይም በክፋት ብቻ መተርጎም ግን ነገሩን ማቅለል ይሆናል። ገበያው በነጭና በጥቁር መካከል ለሚደረግ ግጥሚያ ከፍተኛ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ለሁለት ጥቁሮች ግጥሚያ ግን የሚከፍለው ጥቂት ነበር። ላንግፎርድ ብዙ አደጋና ጥቂት ገቢ ይዞ የሚመጣ ተጋጣሚ ነበር። የዘር አድልዎ ሥር ሲሰድድ አድልዎ የደረሰበትንም ሰው ሳይቀር በራሱ ስሌት እንደሚያሠራው ጆንሰን ራሱ ምስክር ነው።

በሩ የተዘጋባቸው ጥቁር ቡጢኞች እርስ በርሳቸው ከመፋለም ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ላንግፎርድ ከሃሪ ዊልስ ጋር ከ15 ጊዜ በላይ፣ ከሳም ማክቬይና ከጆ ጃኔት ጋርም ከ10 ጊዜ በላይ ተገናኝቷል። ማክቬይና ጃኔት ራሳቸው በሚያዝያ 1909 በፓሪስ ያደረጉት ግጥሚያ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ጃኔት 27 ጊዜ ወድቆ 27 ጊዜ መነሣቱ ተመዝግቧል፤ ከ49 ዙር በኋላ መቀጠል ያቃተው ግን የጣለው ማክቬይ ነበር። እንዲህ ያለ ብርታት የዓለም ሻምፒዮና ሳይሆን የዕለት እንጀራ ብቻ ያስገኝ ነበር።

በሰኔ 1917 ላንግፎርድ ከፍሬድ ፉልተን ጋር ሲፋለም ዓይኑ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላም የአንዱ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቶ፣ የሌላውም እየደከመ፣ ከመድረክ አልወጣም፤ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውምና። በ1923 በሜክሲኮ ተጋጣሚውን በቅጡ ማየት በማይችልበት ሁኔታ የዚያን አገር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና እስከ ማሸነፍ ደረሰ። ከ300 ገደማ ግጥሚያዎች በኋላ በ1926 ጓንቱን ሰቀለ። በ1944 የኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጠኛ አል ሌይኒ ስለ ላንግፎርድ ለመጻፍ ፈልጎ በሃርለም ሰፈር ሲያፈላልገው ብዙዎች ሞቷል አሉት። እርሱ ግን በአንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ ዐይነ ስውር ሆኖ፣ ያለ ገንዘብ፣ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ የአንባቢያን ልብ ተነክቶ 10 ሺህ ዶላር ያህል ተዋጣለት። በ1955 ዘ ሪንግ መጽሔት በክብር መዝገቡ አሰፈረው፤ በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ዐረፈ።

ሃሪ ዊልስ

ሃሪ ዊልስ በ1889 በኒው ኦርሊንስ ተወልዶ በወደብ ጭነት ሠራተኛነት ያደገ ግዙፍ ሰው ነበር። ጃክ ዴምፕሲ በ1919 ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ተቀዳሚው ተፎካካሪ ዊልስ እንደ ነበር የሚጠራጠር አልነበረም። የሁለቱ ግጥሚያ በ1922 ውል ተፈረመበት፤ አልተካሄደም። በ1925 ሁለተኛ ውል ተፈረመበት፤ አሁንም አልተካሄደም። ከሁለተኛው ውል ለዊልስ የተረፈው 50 ሺህ ዶላር ነበር፤ አንድም ቡጢ ሳይሰነዝር የተከፈለው ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በዴምፕሲ ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይሆንም። ዴምፕሲ ለመግጠም ዝግጁ እንደ ነበር ይናገር ነበር። የግጥሚያዎቹ አዘጋጅ ቴክስ ሪካርድ ግን በሐምሌ 1910 በሬኖ ከተማ ጆንሰንና ጄፍሪስን ያገናኘው ሰው ነበር። በዚያ ቀን ጆንሰን ሲያሸንፍ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በጥቁሮች ላይ ጥቃት ተነሥቶ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የቡጢ ፊልም ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዳይጓጓዝ በሕግ ተከልክሏል። ጥፋቱን የፈጸሙት በሽንፈታቸው የተቆጡ ነጮች ሆነው ሳለ ዋጋውን የከፈለው ግን ከ10 ዓመት በኋላ የመጣው ዊልስ ነው። የኒው ዮርክ የቡጢ ኮሚሽን ዴምፕሲ ዊልስን እንዲገጥም በጠየቀ ጊዜ አዘጋጁ ግጥሚያውን ከነሻምፒዮኑ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። በመስከረም 1926 በፊላደልፊያ ከ120 ሺህ ተመልካች ፊት ዴምፕሲ የገጠመው ጂን ተኒን ነበር፤ ተሸነፈም። ዊልስ በዚያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ከጃክ ሻርኪ ጋር ሲገጥም ጉልበቱ ከድቶት ታየ። ሰባት ዓመት በር ላይ የቆመ ሰው በሩ ቢከፈትለት እንኳ ሲገባ የሚገባው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ዊልስ ግን ገንዘቡን በሃርለም በቤት ኪራይ ሥራ ላይ በማዋል፣ ከብዙ የሙያ ጓደኞቹ በተለየ መንገድ በ1958 እስከ ሞተበት ጊዜ ሳይቸገር ኖረ።

ባትሊንግ ሲኪ

አጥሩ በአሜሪካ ብቻ አልነበረም። ባትሊንግ ሲኪ በ1897 በሴኔጋል በሴንት ልዊ ከተማ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ተዋግቶ የጀግንነት ሜዳዮች ተሸለመ። መስከረም 24 ቀን 1922 በፓሪስ ከቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ፣ ከፈረንሳዮች ተወዳጅ ከጆርጅ ካርፓንቲዬ ጋር ገጠመ። በስድስተኛው ዙር ካርፓንቲዬ ተዘረረ። ዳኛው ሲኪ ተጋጣሚውን በእግሩ ጠልፏል በማለት ድሉን ለወደቀው ሰው ሰጠ፤ ይሁን እንጂ በስታዲየሙ የተሰበሰበው ሕዝብ፣ የካርፓንቲዬ ወገን የነበረው ሳይቀር፣ ውሳኔውን በጩኸት ተቃወመ። ዳኞቹ ተመካክረው ድሉን ለሲኪ መለሱ። በዚህም ከአፍሪካ ምድር የተወለደ የመጀመሪያው የዓለም የቡጢ ሻምፒዮን ሆነ።

ሲኪ ግጥሚያው አስቀድሞ እንዲሸነፍ የተዘጋጀ እንደ ነበርና በመድረክ ላይ ሐሳቡን ለውጦ እውነተኛ ፍልሚያ እንዳደረገ ገለጸ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የፈረንሳይ የቡጢ ፌዴሬሽን በሌላ ምክንያት ፈቃዱን ነጠቀው፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ለንደን ላይ ሊያደርገው የነበረውን ግጥሚያ ከለከለ። የሴኔጋል ተወካይ ብሌዝ ዲያኝ ጉዳዩን ወደ ፈረንሳይ ምክር ቤት አቀረቡት። በዚያን ጊዜ በፓሪስ በስደት ይኖሩ የነበሩት፣ በኋላ ሆ ቺ ሚን በሚል ስም የታወቁት የቬትናም ታጋይም «ለ ፓሪያ» በተባለው ጋዜጣ ስለ ሲኪ ጽፈዋል። የቅኝ ተገዢዎች ልጆች የዚህን ቡጢኛ ጉዳይ እንደ ራሳቸው ጉዳይ የተመለከቱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለፈረንሳይ ሲዋጋ ጀግና የተባለው ሰው፣ ፈረንሳዊን ሲያሸንፍ «የጫካ ልጅ» ተባለ።

ሲኪ ፍጹም ሰው አልነበረም። መጠጥ ያበዛ ነበር፤ ልምምድም ይንቅ ነበር። በመጋቢት 1923 አየርላንድ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች በደብሊን አየርላንዳዊውን ማይክ ማክቲግን፣ ያውም በቅዱስ ፓትሪክ በዓል ቀን፣ ገጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በታኅሣሥ 1925 በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ከጀርባው በጥይት ተመትቶ በ28 ዓመቱ ሞተ። ጋዜጦች ከድሉ ይልቅ በጎዳና ላይ ይዞት ስለሚሄደው የአንበሳ ደቦል አብዝተው ጻፉ። አስከሬኑ ከ68 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ።

የ1935 ሰኔ

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ከኢትዮጵያም ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ሰኔ 25 ቀን 1935 በኒው ዮርክ የያንኪ ስታዲየም የ21 ዓመቱ ጆ ሉዊስ ከጣሊያናዊው ከቀድሞው ሻምፒዮን ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ገጠመ። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን በምታጓጉዝበት ወቅት ስለነበር የአሜሪካ ጋዜጦች ግጥሚያውን በጣሊያንና በኢትዮጵያ መካከል እንደሚደረግ ፍልሚያ አድርገው አቀረቡት፤ ሁከት ይነሣል ተብሎም ብዙ ፖሊስ ተሰልፎ ነበር። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር አሸነፈ። በሃርለም ጥቁር ሕዝብ በደስታ ወደ ጎዳና ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ ወረራው ሲጀመር ያው ሕዝብ ለኢትዮጵያ ገንዘብ አዋጣ፤ ሰልፍም ወጣ።

ሉዊስ በ1937 ሻምፒዮን ሲሆን ከጆንሰን በኋላ ለ22 ዓመት የተዘጋው በር ተከፈተ። የተከፈተው ግን በቅድመ ሁኔታ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ሉዊስ በተሸናፊ ነጭ ፊት ፈገግ እንዳይል፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ፣ በአደባባይ እንዳይኩራራ አስጠንቅቀውት ነበር። ጃክሰን፣ ላንግፎርድና ዊልስ በከፈሉት ዋጋ የተገኘው በር እንኳ አንገት ደፍተው የሚገቡበት ነበር።

ቻርሊ በርሊ

ከሉዊስ በኋላ አጥሩ ፈረሰ የሚል ካለ የቻርሊ በርሊን ታሪክ ማንበብ ይገባዋል። በርሊ በ1917 በፔንሲልቫኒያ ተወልዶ በፒትስበርግ አደገ። በ1936 ለበርሊን ኦሎምፒክ ወደሚደረገው ማጣሪያ እንዲሄድ ሲጠየቅ፣ ናዚዎች በሚያዘጋጁት ውድድር አልካፈልም በማለት ተወ። በምትኩ የሠራተኛ ስፖርት ማኅበራትና የፋሺዝም ተቃዋሚዎች በባርሴሎና ወዳዘጋጁት የሕዝብ ኦሎምፒያድ ተጓዘ። ውድድሩ ሐምሌ 19 ቀን ሊከፈት ተዘጋጅቶ ሳለ የፍራንኮ ወገን አመፅ ተነሣ፤ ለስፖርተኞች የተዘጋጀችው ከተማ የጦርነት ሜዳ ሆነች። የ18 ዓመቱ በርሊ ቡጢ ሳይሰነዝር ተመለሰ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ምርጫ መምረጥ ራሱን የቻለ ታላቅነት ነው።

በርሊ በ1938 እና በ1939 ፍሪትዚ ዚቪችን ሁለት ጊዜ አሸነፈ፤ አንድ ጊዜ ተሸንፎለታል። በ1940 የዌልተር ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ግን ዚቪች ነበር፤ በርሊ ለማዕረጉ እንዲገጥም አንድም ጊዜ አልተፈቀደለትም። በዚያ ዘመን እንደ እርሱ የተገፉ፣ ሆልማን ዊልያምስን፣ ሎይድ ማርሻልን፣ ኮኮዋ ኪድንና ኤዲ ቡከርን የመሳሰሉ ጥቁር ቡጢኞች ነበሩ፤ ሻምፒዮኖቹ ስለሚሸሿቸው እንደ ላንግፎርድ ዘመን ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲፋለሙ ኖሩ። የገበያው አስተሳሰብም አልተለወጠም ነበር፤ ብዙ አደጋና ጥቂት ገቢ ያለበትን ግጥሚያ የሚፈልግ የሻምፒዮን አስተዳዳሪ አልነበረም።

በጦርነቱ ጊዜ በርሊ በካሊፎርኒያ በአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሚያዝያ 1944 በክብደት ከሚበልጠው ከአርቺ ሙር ጋር በሆሊውድ ገጥሞ ደጋግሞ በመጣል በ10 ዙር አሸነፈው። ሙር በኋላ ለዐሥር ዓመት ያህል የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ የኖረ፣ ከሮኪ ማርሲያኖና ከመሐመድ ዓሊ ጋር የተፋለመ ሰው ነው። በዕድሜው ሁሉ ከገጠማቸው መካከል የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ በርሊን ይጠራ ነበር። በርሊ በ1942 በኤዛርድ ቻርልስ ሁለት ጊዜ መሸነፉ እውነት ነው፤ ቻርልስ በኋላ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። በ98 ያህል ግጥሚያዎች ግን በርሊን በዝረራ የጣለ ሰው አልተገኘም።

በርሊ ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ በፒትስበርግ ማዘጋጃ ቤት የቆሻሻ ማንሣት ሥራ ተቀጠረ። በሰፈሩ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ ሕፃን ያድግ ነበር። ያ ሕፃን በኋላ ታዋቂው ፀሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን ሆነ። ዊልሰን በ1987 የፑሊትዘርን ሽልማት ባገኘለት «አጥሮች» በተባለው ተውኔት የቀረጸው ዋና ገጸ ባሕርይ በቀለሙ ምክንያት ወደ ታላላቆቹ ቡድኖች ሳይገባ የቀረ፣ ዛሬ ቆሻሻ የሚያነሣ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ደራሲው ስፖርቱን ቢለውጥም ከጎረቤቱ ከበርሊ ሕይወት መነሣቱ ይታወቃል። የተውኔቱ ሰው ግን ምሬቱን ወደ ልጁ ያዞረዋል፤ ልጁ ወደ ስፖርት እንዳይገባ በሩን ራሱ ይዘጋበታል። የጆንሰንንና የላንግፎርድን ታሪክ ላስታወሰ አንባቢ ይህ ትዕይንት አዲስ አይሆንበትም። የተዘጋ በር አንዱ ጉዳቱ የተዘጋበትን ሰው በተራው በር ዘጊ ማድረጉ ነው።

መዝገቡን ስለ ማንበብ

በእነዚህ አምስት ሰዎች ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ሐቅ አለ። ከሲኪ በቀር አንዳቸውም የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን አልበቁም፤ ሲኪም ካሸነፈ በኋላ ድሉ እንዳይዋጥለት ብዙ ተደክሟል። ማዕረግ ያላገኘ ቡጢኛ ግጥሚያው በፊልም አይቀረጽም፤ በፊልም ያልተቀረጸም በመጽሐፍ አይገባም፤ በመጽሐፍ ያልገባም በሚቀጥለው ትውልድ ይረሳል። እንዲህ እየሆነ አንድ ቀን የተፈጸመ በደል ከጊዜ በኋላ የታሪክ ሐቅ መስሎ ይቀመጣል። «ሻምፒዮን አልነበረም» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ሻምፒዮን ሊሆን አይችልም ነበር» ተብሎ ይነበባል።

በሌላ በኩል ግን የተገፋን ሁሉ ያለ ምርመራ ማወደስ ለተገፉት ሰዎች ክብር አይሆንም። ላንግፎርድ በጆንሰን፣ በርሊም በቻርልስ ተሸንፈዋል፤ ሲኪ በራሱ ጥፋት የጎደለበት ነገር አለ፤ ዊልስ ከዴምፕሲ ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፍ እንደ ነበር ማንም በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። በደሉም ያለው እዚሁ ላይ ነው። እነርሱ የጠየቁት ድል እንዲሰጣቸው አልነበረም፤ በተመልካች ፊት፣ በእኩል ደንብ፣ ማሸነፍ ወይም መሸነፍ እንዲችሉ ነበር። የተነፈጉት የማሸነፍን ብቻ ሳይሆን በአግባቡ የመሸነፍንም መብት ነው።

ይህን መርምሮ ማውጣት የታሪክ ጸሐፊውና የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ስም አሸናፊዎች ከሠፈሩበት ዝርዝር ጎን ለጎን፣ ወደዚያ ዝርዝር እንዳይገቡ እነማን ተከለከሉ፣ የከለከላቸውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። የኪነ ጥበብ ሰውም ድርሻ አለው። ቻርሊ በርሊን በዓለም ዙሪያ ያሉ የቴአትር ተመልካቾች ስሙን ሳያውቁት እንኳ እንዲያውቁት ያደረገው የስፖርት መዝገብ አይደለም፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲወጣና ሲገባ ይመለከተው የነበረ የአንድ ሰፈር ልጅ ነው። በርሊ በ1992 ሲሞት በዚያው ዓመት በዓለም አቀፉ የቡጢ የክብር አዳራሽ ስሙ ሠፍሮ ነበር። ጃክሰን በብሪዝበን፣ ሲኪ በሴኔጋል ምድር ዐርፈዋል። ላንግፎርድም በዐይነ ስውርነቱ ዘመን ያለፈውን ግጥሚያ ሁሉ ለጠየቀው ሰው እየሣቀ ይተርክ እንደ ነበር የጎበኙት መስክረዋል። ለጠየቀው ሰው ነበር የሚተርከው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል።